ሪፈር ከተጻፈ በኋላ ያሉት ሰዓታት

በወሊድ ላይ የሚደርሱ አደጋዎች የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት ሕክምና ካላገኘች፣ ደሙ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በአማካይ 2 ሰዓት ያህል ብቻ ነው ያላት። ደሙ ከመውለዷ አስቀድሞ የመጣባት 12 ሰዓት፣ ማህፀኗ የተተረተረባት 1 ቀን፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም ግፊት የሚጥል መንቀጥቀጥ የያዛት 2 ቀን፣ ሕፃኑ ማለፊያ አጥቶ ምጧ የታገደባት 3 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ኢንፌክሽን የገባባት 6 ቀን ያህል ጊዜ አላት። እነዚህ ግምቶች የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎት ሲታቀድ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሱ የቆዩ ናቸው፤ በእያንዳንዷ እናት ላይ በደቂቃ ይሠራሉ ማለት ባይሆንም፣ የትኛው አደጋ መኪና እስኪመጣ እንደሚታገሥና የትኛው እንደማይታገሥ ግን በግልጽ ይለያሉ።

ይህን የሰዓት ስሌት ይዞ የወሎን መልክዓ ምድር ለሚያይ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገለጥለታል። ከበሽሎ ሸለቆ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ተንታ ደጋ የሚወጣው ዳገት፣ ከመካነ ሰላምና ከአቀስታ አቅጣጫ ወደ ደሴ የሚያመጣው ረጅም መንገድ፣ በክረምት የሚሞሉት የቆላ ወንዞች፣ ሁሉም ከእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ላይ ተቀናሽ ናቸው። ወልድያና ደሴ በአስፋልት የተገናኙ ሲሆን በመካከላቸው 120 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ይህ በወሎ መለኪያ ጥሩ የሚባለው መንገድ ነው። ከዋናው መንገድ ርቆ ባለ ቀበሌ የሚኖር ሰው ግን ርቀትን የሚለካው የቃሬዛ ተሸካሚዎች ስንት ጊዜ ትከሻ እንደሚቀያየሩ በመቁጠር ነው።

ስለ ሪፈር፣ ማለትም ታካሚን ወደ ከፍተኛ ተቋም ስለ ማዛወር፣ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ቶሎ ወደ አምቡላንስ ያዘነብላል፦ ስንት አለ፣ ስንቱ ቆሟል፣ ነዳጅ አለው ወይ፣ ሾፌሩ ስልክ ያነሣል ወይ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም ዓይናችን መኪናው ላይ ብቻ ሲያርፍ የእናቲቱንና የጨቅላውን ዕጣ ይበልጥ የሚወስኑት ሁለት ጫፎች ይዘነጋሉ፤ አንደኛው ከጤና ጣቢያው በር ከመውጣቷ በፊት የሚደረግላት፣ ሁለተኛው ሆስፒታል ስትደርስ የሚጠብቃት ነው። በእኔ ግምት የቅብብሎሽ ሥርዓቱ ዋና ድክመት በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ታካሚዋ የማን እንደሆነች አለመታወቁ ነው። ሪፈር ሲጻፍ ጤና ጣቢያው ያስረከበ ይመስለዋል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ በሩ ላይ እስክትደርስ አልተረከባትም። በመካከል ያሉት ሰዓታት ባለቤት የላቸውም።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ቅደም ተከተሉ የተስተካከለ ነው። ቀበሌ ላይ ጤና ኬላ፣ ከዚያ በላይ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም አጠቃላይ ሆስፒታልና እንደ ደሴው ያለ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ከጤና ጣቢያ የሚጠበቁት መሠረታዊ የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎቶች 7 ናቸው፦ ፀረ ተሕዋስያን፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒትና መንቀጥቀጥ የሚያስቆም መድኃኒት በመርፌ መስጠት፣ የቀረ እንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣት፣ በማህፀን የቀረ የፅንስ ቅሪትን መጥረግ፣ በመሣሪያ አግዞ ማዋለድ፣ ትንፋሽ ያጣ ጨቅላን ማስተንፈስ። በእነዚህ ላይ ቀዶ ጥገናና ደም መስጠት ሲጨመሩ 9 ይሆናሉ፤ እነዚህ የሆስፒታል ሥራ ናቸው። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ወይም ደም የሚያስፈልጋት እናት መዛወሯ የግድ ነው። ከ7ቱ አንዱ በጎደለ ጊዜ ግን፣ ለምሳሌ በመሣሪያ አግዛ ማዋለድ የምትችል ባለሙያ በዕለቱ ስላልነበረች ብቻ ስትዛወር፣ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከአደጋው ሳይሆን ከጤና ጣቢያው የመጣ ነው። ሁለቱ ዓይነት ዝውውሮች በመዝገብ ላይ አንድ ሆነው መጻፋቸው ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ዝውውር በራሱ የውድቀት ምልክት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ አገር ዝቅተኛ አደጋ አላቸው የተባሉ ከ64 ሺህ በላይ እናቶችን ተከትሎ በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ይፋ ያደረገ ጥናት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ቤታቸው ለመውለድ ካቀዱት መካከል 45 በመቶው በምጥ ላይ ሳሉ ወይም እንደወለዱ ወደ ሆስፒታል መዛወራቸውን አሳይቷል። እዚያ አዋላጇ ስልክ ታነሣለች፣ አምቡላንሱ ይደርሳል፣ ሆስፒታሉም ማን እየመጣች እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያ ልጅ በሚወልዱት ዘንድ በጨቅላዎቹ ላይ የደረሰው ጉዳት ቤት ለመውለድ ባቀዱት ላይ ከፍ ብሎ ታይቷል። ዝውውሩ እንዲህ በተደራጀበት አገር ጉዳቱ ከታየ፣ ባልተደራጀበት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ አንድ የአተረጓጎም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሪፈር የመጡ እናቶችና በቀጥታ ራሳቸው የመጡ እናቶች ቢነጻጸሩ፣ ሞትም ሆነ ከባድ ጉዳት በሪፈር በመጡት ላይ ቢበዛ አያስገርምም። ቀድሞውንም የተላኩት ነገሩ ስለከፋ ነውና። በዚህ ብቻ «ሪፈር ይገድላል» ማለት «ሆስፒታል የገባ ይሞታል» እንደማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ የሆስፒታል መዝገብ የሚያውቀው በሕይወት የደረሱትን ብቻ ነው። መንገድ ላይ ያረፈችው፣ «ኦፕራሲዮን ትደረጋለሽ» ስትባል ቤተሰቧ ወደ ቤት የመለሳት፣ መኪና ስትጠብቅ ቃሬዛው ላይ የቀረችው በዚያ መዝገብ የሉም። አንደኛው ስሕተት ሪፈርን ከሚገባው በላይ ያስከስሰዋል፤ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ነጻ ያወጣዋል።

ተመራማሪዎቹ ታዴየስና ሜን በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የ3 መዘግየቶች ማዕቀፍ ዛሬም በየጤና ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ፦ ሕክምና ለመሻት በመወሰን፣ ወደ ሕክምናው በመድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት ረገድ የሚፈጠር መዘግየት። ማዕቀፉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እናቲቱ አንድ ጊዜ ብቻ የምትጓዝ አስመስሎ እንዲታሰብ በር ይከፍታል። በወሎ ገጠር ያለች እናት 3ቱንም መዘግየቶች 2 ጊዜ ልታልፍባቸው ትችላለች፦ አንዴ ከቤቷ ጤና ጣቢያ እስክትደርስ፣ ሌላ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ የማደንዘዣ ባለሙያ የለኝም ወይም ደም አልቆብኛል ብሎ ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ ከላካት 3ኛ ዙር ይጀምራል። በየዙሩ አዲስ ምርመራ፣ አዲስ ካርድ፣ አዲስ «ጠብቁ» አለ።

ከመነሻው ጫፍ እንጀምር። ከጤና ጣቢያ ከመውጣቷ በፊት የሚሰጣት ሕክምና የመንገዱን ርዝመት ያሳጥራል ብል ማጋነን አይሆንም። ማግኒዚየም ሰልፌት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታወቀው ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ደም ግፊት ሕመም ያለባቸው እናቶች መንቀጥቀጥ ላይ የመውደቅ ዕድላቸው በዚህ መድኃኒት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የመጀመሪያው ዙር፣ 4 ግራም በደም ሥር 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫ ጡንቻ ተከፍሎ ሲሰጥ፣ ቀጣዩ መርፌ እስኪደርስ የ4 ሰዓት ፋታ ይሰጣል። ከብዙ የወሎ ጤና ጣቢያዎች ወደ ሆስፒታል ለመድረስ 4 ሰዓት ይበቃል። መርፌው ሳይሰጣት በወረቀት ብቻ የተላከች እናት ግን ያንኑ መንገድ ያለ ጋሻ ትጓዛለች።

ደም ለሚፈሳትም እንዲሁ ነው። ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ማህፀንን በእጅ ማሸት፣ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥና መድማትን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ሁሉም ጤና ጣቢያ ውስጥ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። ትራኔክሳሚክ አሲድ በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ 10 በመቶ ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ ስለሚታወቅ ለሆስፒታል የሚተው መድኃኒት አይደለም። ኦክሲቶሲን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ብልቃጡ መኖሩ ብቻ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት አይደለም። ምጧ የታገደባት እናት ነገር ይለያል፦ ለእርሷ ኦክሲቶሲን መስጠት ማህፀኗን ሊተረትረው ይችላል። የሽንት ቱቦ ገብቶላት፣ ፀረ ተሕዋስያን ጀምራ፣ በጎኗ ተኝታ ነው መሄድ ያለባት። በጀርባ መተኛት በማህፀኑ ክብደት ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው ለሕፃኑ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። በጎን ማስተኛት ምንም ወጪ የለውም፤ በጠባብ መኪና ውስጥ ከአስታማሚና ከዕቃ ጋር ተጣበው ለሚሄዱ ግን ከሁሉ በፊት የሚረሳው እርሱ ነው።

መቼ መላክ እንዳለባት መወሰንም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የምጥ ሂደት የሚመዘገብበት የቀድሞው ቅጽ፣ ፓርቶግራፍ፣ የማህፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል በሚል መስመር ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ጤና ጣቢያዎች ያችን መስመር ያለፈችን እናት እንዲልኩ ተምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህ ፍጥነት ለሁሉም እናት እንደማይሠራ፣ ንቁ ምጥም የሚጀምረው ከ5 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ገልጾ፣ በ2020 አዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ አዘጋጅቷል። ይህ የባለሙያዎች ዝርዝር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ምጧ ቀስ ያለ እንጂ ያልታገደባት የመጀመሪያ ወላድ በጥድፊያ ስትላክ አንዱን የወረዳ አምቡላንስ ለግማሽ ቀን ይዛ ትሄዳለች፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ቀበሌ ደም የሚፈሳት እናት መኪና ትጠብቃለች። ያለአግባብ መላክና ዘግይቶ መላክ የአንድ ድክመት ሁለት ፊት ናቸው።

ሌላው ጫፍ ሆስፒታሉ ነው። አገራችን የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ከጀመረች ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በወረዳ ደረጃ ያሉ ሆስፒታሎች ልዩ ሐኪም ሳይጠብቁ ቀዶ ጥገና ለማድረግ የቻሉት በአብዛኛው በእነዚህ ባለሙያዎች ነው። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን ባለሙያው ያለ ማደንዘዣ ባለሙያ፣ ያለ ደም፣ ያለ ንጹሕ ልብስና ያለ ጄኔሬተር ነዳጅ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መቆሚያው የት እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። አንድ ስልክ ብዙ ነገር ይለውጥ ነበር። እናቲቱ መንገድ ላይ ሳለች ሆስፒታሉ ስለ መምጣቷ ቢያውቅ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዘጋጃል፣ የደም ዓይነቷ አስቀድሞ ይነገራል፤ ሆስፒታሉ የማይችል ከሆነም «ወደ እኛ አታምጧት፣ በቀጥታ ወደ ደሴ ሂዱ» ይላል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር በቃሬዛና በመኪና የተቆጠበው ሰዓት በሆስፒታል ኮሪደር ይባክናል፤ ለቤተሰቡ ከሁሉ የሚመረውም ይኸኛው ነው፣ ሐኪም እያዩ መጠበቅ።

ስለ ጨቅላው እስካሁን ጥቂት ብቻ ነው ያልሁት፤ የሪፈር ወረቀቱም ስለ እርሱ የሚለው ጥቂት ነው። ብሔራዊ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማየት ያስተምራል። በ2003 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም 48 በመቶ ደረሱ። የእናቶች ሞት በ2003 ከነበረበት ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ 676፣ በ2008 ወደ 412 ወርዷል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ጨቅላዎች ቁጥር ግን ከ1,000 ውስጥ በ2003 ዓ.ም 37፣ በ2008 ዓ.ም 29፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 33 ሆኖ ተመዝግቧል። የመጨረሻው ልዩነት በናሙና ስሕተት ሊመጣ የሚችል ነው፤ በጤና ተቋም የሚወልዱት በእጥፍ ሊጠጉ ሲቃረቡ የጨቅላዎች ሞት አለመቀነሱ ግን ሊታለፍ አይገባም። እናቲቱን ወደ ተቋም ማምጣት እናቲቱን እየታደገ ጨቅላውን በዚያው ልክ አልታደገም ማለት ነው።

ምክንያቱ ከፊሉ በዝውውሩ ውስጥ ይገኛል። ምጥ በተራዘመ ቁጥር እያንዳንዱ ቁርጠት ለሕፃኑ የሚደርሰውን ኦክስጅን ለጊዜው ያሳንሳል፤ በመካከል ያለው ዕረፍት ሲያጥር ሕፃኑ ማገገሚያ ያጣል። ከተወለደ በኋላ ያልተነፈሰ ጨቅላ በ1 ደቂቃ ውስጥ በአየር መስጫ ፊኛና ጭንብል መታገዝ አለበት። መኪና ውስጥ ሲወለድ ፊኛውን የምትይዝ አዋላጅ አብራ ከሌለች፣ ያቺ ደቂቃ በሾፌሩና በአማቷ እጅ ታልፋለች። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደላንታና ለጋምቦ ከዚያም ይበርዳሉ። የሙቀት መጠኑ ከ36.5 ዲግሪ በታች የወረደ ጨቅላ ለመጥባትም ለመተንፈስም አቅም ሊያጣ ይችላል። ከእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተያይዞ በጋቢ መሸፈን እስካሁን ከታወቁት የማጓጓዣ ዘዴዎች ርካሹና አስተማማኙ ነው። ከመወለዱ በፊት ደግሞ ከእናቱ ማህፀን የተሻለ ማጓጓዣ ለሕፃን የለም፤ ስለዚህ ያለጊዜው ሊወለድ የሚችል ሕፃን ያላት እናት፣ ለማዛወር በቂ ጊዜ ካለ፣ ሳትወልድ ወደ ጨቅላ ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል መድረሷ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲመዘገብ ምረጥ ብባል የሕፃኑን የልብ ምት እመርጣለሁ፤ 3 ጊዜ፦ ስትላክ፣ ሆስፒታል ስትደርስ፣ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ። ሕፃኑ ሞቶ ቢወለድ ስትላክ ልቡ ይሰማ ነበር ወይ? ካልነበረ መዘግየቱ ከቤት ወይም ከጤና ጣቢያ ነው። ስትላክ ተሰምቶ ስትደርስ ከጠፋ መንገዱ ነው የሚጠየቀው። ስትደርስ ተሰምቶ ከዚያ በኋላ ከጠፋ ሒሳቡ የሆስፒታሉ ነው። ማዳመጫው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ወጪው ቀለምና 1 ደቂቃ ነው። ዛሬ ግን በወሊድ ክፍል መዝገብ ላይ «ሞቶ የተወለደ» ከሚለው ቃል በስተቀር የት እንደሞተ የሚናገር ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ጦርነቱን ሳያነሡ ስለ ወሎ ሪፈር መጻፍ አይቻልም። ከ2013 ዓ.ም መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት ውጊያው ወልድያንና ደሴን ጨምሮ ሰፊውን የወሎ ክፍል ሲያዳርስ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ መሣሪያ ተነቀለ፣ አምቡላንስ ተወሰደ። የቅብብሎሽ ሥርዓት ሰንሰለት ነውና ደሴ ላይ የተበጠሰው የሚሰማው እስከ መቅደላ ድረስ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ሕንጻውን ሳይነካ እንኳ ሰዓቱን ይወስዳል፦ የተዘጋ መንገድ፣ የጠፋ ኔትወርክ፣ ሌሊት ለመንዳት የሚፈራ ሾፌር። ምጥ ቀንና ሌሊት አይለይም። ሌሊት መንቀሳቀስ በማይቻልበት ቦታ ማታ የጀመረ መድማት እስኪነጋ አይቆይም።

ቤተሰቡስ? «ማኅበረሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚለው የተለመደ ሐረግ ለእኔ አይዋጥልኝም። በወሎ ቀብርም ሆነ ሕመምተኛን መሸከም የቅሬው፣ ማለትም የአካባቢው ዕድር፣ ሥራ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ትከሻ ለትከሻ ይሸከማል። ድምፅ ሲሰማ እርሻውን ጥሎ የሚወጣ ሕዝብ ለምጥ አልነቃም ማለት ይከብዳል። የሚያመነታበት ነገር ሌላ ነው፤ ሆስፒታል መሄዱ ከወረዳው ውጭ ማደር፣ ለአስታማሚ ምግብና ማረፊያ፣ ሞት ቢመጣ ደግሞ አስከሬን የሚመልስ መኪና ማለት ነው። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም በነጻ ነው፤ በዙሪያው ያለው ወጪ ግን ነጻ አይደለም። ኦፕራሲዮንም የሚፈራው ለቢላው ብቻ አይደለም፦ ዛሬ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት በቀጣዩ እርግዝናዋ የማህፀን ጠባሳ ይዛ ትኖራለች፤ ያኔ ከሆስፒታል ርቃ ምጥ ቢይዛት አደጋው ይብሳል። ገበሬው ይህን በሌላ ቃል ያውቀዋል።

ስለዚህም የእናቶች ማቆያ ቤት ለወሎ መልክዓ ምድር የሚስማማ መፍትሔ ይመስለኛል። ቀኗ የደረሰ እናት፣ በተለይም ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ደም ግፊት የታየባት፣ ከምጡ በፊት መጥታ ከሕክምና ተቋሙ አጠገብ ብታድር በሌሊት የሚደረገው ዝውውር ከነጭራሹ ይቀራል። ችግሩ ማቆያዎቹ በብዛት በጤና ጣቢያ ግቢ መሠራታቸው ነው። ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት አስቀድሞ የሚታወቅ እናት ኦፕራሲዮን በሌለበት ግቢ ማቆየት መዘግየቱን ወደፊት ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም። ለእርሷ ማቆያው ሆስፒታሉ አጠገብ መሆን አለበት፤ ቡናና ገንፎ የሚዘጋጅበት፣ እናቷ ወይም እህቷ አብራት የምታድርበት፣ ሶላቷንም ጸሎቷንም የማይከለክል።

በሪፈር ወረቀቱ ግርጌ ሆስፒታሉ ለላኪው ጤና ጣቢያ መልስ የሚጽፍበት ቦታ አለ፦ ምን ሆና ተገኘች፣ ምን ተደረገላት፣ እናቲቱና ሕፃኑ በምን ሁኔታ ወጡ። ያ ቦታ ተሞልቶ ሲመለስ አዋላጇ ማግኒዚየሙን በወቅቱ መስጠቷ እንደጠቀመ ወይም 3 ሰዓት ዘግይታ እንደላከች ትማራለች፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም የት ላይ እንደሚጎድል ያያል። ብዙውን ጊዜ ግን ባዶውን ይቀራል። አዋላጇ የላከቻትን እናት መጨረሻ የምትሰማው ለገበያ ከወረደ የዚያ ቀበሌ ሰው ነው፤ ገንፎ ተበልቷል ይላታል፣ ወይም ቅሬው ተጠርቶ ነበር።